በሁለት የወይን ኮረብቶች መካከል፤ የአባ ማስያስ ሠላሳ አምስት ዓመት

ከአሶሳ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ሰሜን የመለሰ መንገደኛ፥ ዓባይ የኢትዮጵያን ምድር ለቅቆ ወደ ሱዳን ወደሚገባበት ቆላ ያመራል። ከድንበሩ ማዶ፥ በወንዙ ዳርቻ፥ በቀድሞው ዘመን ፋዞግሊ እየተባለ ይጠራ የነበረው አገር ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ይህ ቆላና ከበላዩ ያሉት የቤኒሻንጉል ኮረብቶች ስማቸው በሩቅ የሚነሣው በሁለት ነገር ነበር፤ በወርቅና በባሪያ ንግድ። የግብፅ ገዢዎች ወርቁን ፍለጋ ሠራዊትና የማዕድን ዐዋቂ ይልኩ ነበር፤ ነጋዴው ደግሞ ሰውን እንደ ዕቃ እየነዳ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። በ1851 እና በ1852 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተመለከተው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከካርቱም ተነሥተው ዓባይን ሽቅብ በመከተል ወደዚህ አቅጣጫ ይጓዙ ከነበሩት መካከል ስማቸውን ለውጠው ነጋዴ የመሰሉ አንድ ሰው ነበሩ። ወርቅም ባሪያም አልፈለጉም። የፈለጉት ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ በር ሊገቡበት ሞክረው የተከለከሉትን ደጋ ነበር።

እኒህ ሰው ጉልዬልሞ ማሳያ ናቸው፤ በአገራችን የታሪክ መጻሕፍት አባ ማስያስ የሚባሉት። ስለ ሃይማኖት ሥራቸውና ከነገሥታት ጋር ስለ ነበራቸው ግንኙነት ብዙ ተጽፏል። የጤና ጥበቃ ሙያ አባላት የሆንን እኛ ግን ሕይወታቸውን በሌላ ዐይን ልንመለከተው እንችላለን። ይኸውም በአንድ አገር ሕዝብ ዘንድ አመኔታን ለማግኘት መምጣት ብቻ ሳይሆን ተመልሶ መምጣት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ሕይወት ስለሆነ ነው።

አባ ማስያስ ጁን 8 ቀን 1809 በሰሜን ኢጣሊያ፥ በፒዬሞንቴ ክፍለ ሀገር፥ ከአስቲ ከተማ ብዙም በማትርቅ ፒዮቫ በምትባል መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ገበሬዎች ነበሩ። ሞንፌራቶ የሚባለው ያ ኮረብታማ አገር ከጥንት ጀምሮ የወይን አገር ነው፤ የተዳፋቱ ወገብ ሁሉ በወይን ሐረግ የተሸፈነ፥ የገበሬው ዓመትም በወይን መግረዝና በወይን ለቀማ የሚቆጠር ነው። በ1826 ወደ ካፑቺን ማኅበር ገቡ፤ በ1832 ቅስና ተቀበሉ። ከ1834 እስከ 1836 በቶሪኖ ከተማ በማውሪሲያኖ ሆስፒታል የሕሙማን ቄስ ሆነው አገለገሉ። ይህ የሁለት ዓመት አገልግሎት ለኋላ ዘመናቸው ትልቅ ስንቅ ሆናቸው። ሐኪሞቹ ሲያክሙ እየተመለከቱ ቁስል ማጠብን፥ መድኃኒት መስጠትን፥ የበሽተኛን ሁኔታ ማስተዋልን በዚያ ተማሩ። በትምህርታቸው ሐኪም አልነበሩም፤ ሐኪም በሌለበት አገር ግን ይህችው ዕውቀት ብዙ እንደምትሠራ ጊዜ አሳይቷል።

ከዚያም እስከ 1846 ድረስ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ሲያስተምሩ ቆዩ። በዚያን ጊዜ አንቷን ዳባዲ የተባለው የታወቀ ፈረንሳዊ የጂኦግራፊ ሊቅ በኢትዮጵያ ምድር እየተዘዋወረ ካርታ ያነሣ ነበር፤ በኦሮሞ ሕዝብ መካከል የካቶሊክ ሚሲዮን እንዲቋቋም ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነው። ሐሳቡ በሮም ተቀባይነት አግኝቶ በ1846 ማስያስ በ36 ዓመታቸው ኤጲስ ቆጶስ ተብለው ተላኩ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ምጽዋ ደረሱ።

ይሁን እንጂ በሩ ዝግ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አቡነ ሰላማ የካቶሊክ መምህራን ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ይህን ተቃውሞ ክፉ ልብ ብቻ አድርጎ መውሰድ ታሪክን አለማወቅ ይሆናል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በመቀበላቸው የፈሰሰው ደም፥ እስከ 1632 ድረስም የተከተለው ብጥብጥ በሕዝቡ ዘንድ አልተረሳም ነበርና። አባ ማስያስ ለጥቂት ዓመታት በባሕር ጠረፍና በሰሜኑ አገር ሲመላለሱ ከቆዩ በኋላ በ1850 ወደ አውሮፓ ተመለሱ።

ብዙዎች ቢሆኑ ነገሩ በዚህ ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን የምሥራቁ በር ቢዘጋ በምዕራቡ ልግባ ብለው በግብፅና በሱዳን በኩል ዞሩ። የቆላው ትኩሳት በበረታበት መንገድ፥ ከግመል ነጂና ከባሪያ ነጋዴ ጋር እያደሩ ወደ ጎጃም ወጡ። ዓባይንም ተሻግረው በኖቬምበር 1852 በጉድሩ አገር አሰንዳቦ ደረሱ። ከአገራቸው ከወጡ ስድስት ዓመት አልፏል፤ የተላኩበትን ምድር የረገጡት ግን ገና በዚያን ቀን ነበር።

በጉድሩ ያገኙት ትልቅ ጠላት የነገሥታት ቁጣ ሳይሆን ፈንጣጣ ነበር። ፈንጣጣ በየጥቂት ዓመቱ እየተነሣ መንደር ያጠፋል፤ የተረፈውንም ሰው ፊቱን ያበላሻል ወይም ዐይኑን ያጠፋል። የአገሩ ሰው ፈጽሞ መከላከያ አልነበረውም ማለት አይደለም። ከታመመ ሰው ቁስል ጥቂት ፈሳሽ ወስዶ በጤነኛው ቆዳ ላይ መቀባት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የታወቀ ልማድ እንደ ነበር ከ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የመጡ መንገደኞች ጽፈዋል። አባ ማስያስ በቶሪኖ ያገኙትን ዕውቀት በዚህ ሥራ ላይ አዋሉት፤ መከተብ ጀመሩ።

ዛሬ ክትባትን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ የሚሰጥ ባለሙያ የዚያን ዘመን ሥራ ክብደት ለመገመት ይቸገራል። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ያስገኘው ዘዴ ወደ ሩቅ አገር ሲወሰድ ፈሳሹ በክር ላይ ደርቆ ወይም በሁለት መስተዋት መካከል ተይዞ ይጓዝ ነበር፤ ሙቀት ካገኘው ግን ኀይሉ ይጠፋል። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ከክንድ ወደ ክንድ ማስተላለፍ ነበር። ዛሬ የተከተበው ልጅ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ በክንዱ ላይ ውሃ ከቋጠረው ቁስል ፈሳሽ ተወስዶ ለሌላው ልጅ ይሰጣል። የመጀመሪያው ልጅ ካልተመለሰ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። እንግዲህ ሥራው በመርፌው ብቻ የሚፈጸም አልነበረም፤ እናቲቱ ልጇን ይዛ እንድትመለስ ከታቢውም በቦታው እንዲገኝ ያስፈልግ ነበር። አባ ማስያስ በዚህ ሁኔታ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከተቡ። ሕዝቡም በኤጲስ ቆጶስነታቸው ሳይሆን በዚህ ሥራቸው ስም አወጣላቸው፤ የፈንጣጣ አባት አላቸው።

ከጉድሩ ወደ እናርያ፥ ከዚያም በ1859 ወደ ከፋ ዘለቁ። በ1861 ከከፋ ተባረሩ። በ1863 በዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች እጅ ወድቀው ተያዙ፤ ኋላም ተለቀቁና ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አውሮፓ ሄዱ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት አልፏል፤ በትኩሳት የተጎዱ ሰው ነበሩ። በአውሮፓ የቆዩበትን ጊዜ ግን ለዕረፍት አላዋሉትም። በማርሴይ ከተማ ለኦሮሞ ወጣቶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ለአማርኛና ለኦሮምኛ መማሪያ የሚሆን በላቲን ያዘጋጁት የሰዋስው መጽሐፋቸውም በ1867 በፓሪስ ታተመ። የሕዝቡን ቋንቋ ሳያውቅ የሚመጣ ሰው የሕዝቡን ሕመም ሊያውቅ እንደማይችል በሥራቸው ስለተረዱ፥ ከኋላቸው የሚመጣው እንደ እሳቸው እንዳይቸገር አሰቡለት።

ከዚያም እንደገና ተመለሱ። በዚህ ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጠው በማርች 1868 ልቼ ገቡ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በክብር ተቀበሏቸው። በፊንፊኔ፥ ኋላ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ሥፍራ፥ ጣቢያ አቋቋሙ፤ ፈቀሬ ግምብ በተባለውም ቦታ ተቀመጡ። በሸዋ ደጋ የቆዩበት 11 ዓመት በኢትዮጵያ ካሳለፉት ዘመን ሁሉ የተረጋጋው ነበር።

የሞንፌራቶ ገበሬ ልጅ በዚህ ደጋ ላይ የናፈቀውን ወይን አላገኘም። በጣና ምሥራቅ፥ በይፋግና በእንፍራንዝ አካባቢ፥ ወይን ይበቅል እንደ ነበር የቀድሞ መንገደኞች ጽፈዋል፤ በሸዋና ከዓባይ ወዲያ ግን የገበታው ክብር ከማር፥ ከውሃና ከጌሾ የሚጣለው ጠጅ ነበር። ጠጅ ለእንግዳ ክብር ነው፤ ለመሥዋዕት ግን አይሆንም። የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ዘቢብ በውሃ ዘፍዝፎ በመጭመቅ ተወጥታዋለች። በወይን ኮረብታ የተወለዱት ሰው በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የወይን ጭማቂ ውድና ብርቅ በሆነበት አገር ኖሩ። ሦስት ጊዜም ወደዚሁ አገር መጡ።

ሥራቸው ግን በሕክምናና በስብከት ብቻ አልተወሰነም። ለንጉሥ ምኒልክ ከአውሮፓ ጋር በሚደረገው መጻጻፍ አማካሪ ሆኑ። በ1876 በአንቲኖሪ መሪነት ወደ ሸዋ የመጣውን የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ረዱ፤ ጓዱም በአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ ተቀመጠ። እዚህ ላይ የሚያመሰግናቸውም የሚነቅፋቸውም ሰው ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። ሳይንስን ለመርዳት የተከፈተው በር ከጊዜ በኋላ ለቅኝ ግዛት ምኞት መግቢያ ሆኗልና። ደግሞም ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ካህናቷ በጽሑፋቸው የሰጡት ፍርድ ብዙ ጊዜ የጠነከረና ከተቀናቃኝ የሚጠበቅ ነበር። የአንድን ሰው መልካም ሥራ ስንጽፍ ይህን መሸፈን አይገባንም።

በ1878 ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ገበሩ፤ በቦሩ ሜዳም የሃይማኖት ጉባኤ ተደረገ። ዐፄ ዮሐንስ የአገሪቱ አንድነት በአንድ ሃይማኖት እንዲጸና ይፈልጉ ስለነበር የውጭ መምህራን እንዲወጡ አዘዙ። በ1879 የ70 ዓመቱ ሽማግሌ ከሸዋ ወጡ። ወደ ሱዳን ቆላም ወረዱ፤ ከ27 ዓመት በፊት ነጋዴ መስለው ሽቅብ የወጡትን ያን ሞቃት አገር አሁን ቁልቁል ተጓዙበት። ከእንግዲህ ወዲያ አልተመለሱም።

በሮም ሊዮን 13ኛ ያዩትንና የሠሩትን እንዲጽፉ አሳሰቧቸው። በኢትዮጵያ ደጋ ስላሳለፉት ሠላሳ አምስት ዓመት የሚተርከው ሥራቸው ከ1885 ጀምሮ በ12 ቅጽ ታተመ፤ የመጨረሻዎቹ ቅጾች የወጡት ከሞቱ በኋላ ነው። በ1884 ካርዲናል ሆኑ። ኦገስት 6 ቀን 1889 በናፖሊ አጠገብ በሳን ጆርጆ አ ክሬማኖ ዐረፉ።

ከሞቱ ከ50 ዓመት በኋላ፥ በ1939፥ የፋሺስት መንግሥት ኢትዮጵያን በወረረበት ጊዜ፥ በእሳቸው ስም ፊልም ተሠርቶ በቬኒስ የሙሶሊኒን ሽልማት ተቀበለ። የፈንጣጣ አባት የወራሪ ማስታወቂያ ሆኑ። ሙት ሰው መከላከል አይችልም፤ ነገር ግን ሥራውን ከስሙ ነጋዴዎች ለይቶ ማየት የሕያዋን ፈንታ ነው።

ሥራው ቀጥሏልና። በ1971 በአገራችን የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ሲጀመር፥ የጤና ረዳቶችና የጤና መኰንኖች በእግር፥ በበቅሎና በሄሊኮፕተር እየተጓዙ ከቆላ እስከ ደጋ ዘለቁ። በእጃቸው የነበረው ደርቆ የተዘጋጀው ክትባትና ባለ ሁለት ጫፉ መርፌ ሙቀትን የሚችል፥ ለአያያዝም የቀለለ ነበር። ቢሆንም ሰውየው ክንዱን እንዲዘረጋ የሚያደርገው መርፌው አልነበረም። ልጅን መደበቅ፥ እንግዳን መፍራት፥ መሸሽ በየቦታው አጋጥሟቸዋል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የተመለሱት ከታቢዎች ግን ተቀባይነት አገኙ። በኦገስት 1976 በባሌ ክፍለ ሀገር ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘው ሕመም የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሆነ፤ በ1980 ዓለም በሙሉ ከፈንጣጣ ነጻ መሆኑ ታወጀ።

ከማኅበራችን አባላት መካከል በአሶሳ፥ በኩርሙክ፥ በመተከል ቆላ የሠሩና የሚሠሩ አሉ። ወደዚያ መመደብ እንደ ግዞት፥ ከዚያ መነሣት እንደ ምሕረት ሲቆጠር ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አንድ ባለሙያ መንደሩን ዐውቆ፥ መንደሩም እሱን ማመን ሲጀምር ዝውውር ይመጣል፤ የሚተካውም ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። የአባ ማስያስን እምነት የማንጋራ ሁሉ ከሕይወታቸው የምንወስደው ይህን ነው፤ ከክንድ ወደ ክንድ የሚሄደው ክትባት ተመላሽ እንደሚፈልግ ሁሉ አመኔታም ተመላሽ ይፈልጋል።

አጽማቸው ያረፈው ከሮም አጠገብ በፍራስካቲ፥ በካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ነው። ፍራስካቲ በነጭ ወይኗ የታወቀች የኮረብታ ከተማ ናት። በወይን ኮረብታ ተወልደው በወይን ኮረብታ ተቀበሩ። እዚያው ገዳም ውስጥ በስማቸው የተሰየመ የኢትዮጵያ ቤተ መዘክር አለ፤ ከደጁ ውጭ ወይን ይለቀማል፥ በውስጡ ግን ደጋግመው የተመለሱበት የጠጅ አገር ዕቃ ተሰብስቦ ይገኛል።