ስምንት ጌቶች የተፈራረቁበት ልጅ

ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ ማንበብ የፈለገ ሰው ስልኩን አውጥቶ አንዴ መንካት ይበቃዋል። የመጀመሪያው ሙሉ ትርጉም ግን እንዲህ በቀላሉ አልመጣም። የተረጎመው ሰው በልጅነቱ እንደ እቃ ሲሸጥና ሲለወጥ የኖረ ነው። የኦነሲሞስ ነሲብን ስም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፣ ታሪኩን ግን እኛም ራሳችን በደንብ ያወቅነው ቆይተን ነው። እስኪ ከመጀመሪያው እንሂድ።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1856 አካባቢ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ነው። ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ሂካ ነበር። አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ ሞተ፣ እናቱ ብቻዋን ቀረች። ከዚያ ባሪያ ፈንጋዮች መጡና ልጁን ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት።

ከኢሉባቦር እስከ ቀይ ባህር ያለውን መንገድ ካርታ ላይ አንዴ እዩት። ያን ሁሉ ርቀት ልጁ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው የሄደው። ስምንት ጌቶች ተፈራርቀውበታል። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ወርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣው። ሰውዬው በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ቆንስላ ሆኖ ይሠራ ነበር። ልጁንም እዚያው ለነበሩት የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች ሰጠው፣ ትምህርት ቤት ገባ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ መጋቢት 31 ቀን 1872 እ.ኤ.አ.፣ በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። ስሙም ኦነሲሞስ ተባለ። ይሄ ስም ዝም ብሎ የተወሰደ አይደለም። ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፋትን አጭር መልእክት ያነበበ ያውቀዋል፤ ኦነሲሞስ ባሪያ ነበር፣ ጳውሎስም ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም ተቀበለው ብሎ ለጌታው ለመነለት። ልጁ ቁስሉን የሚደብቅ ስም አልያዘም። በተጠራ ቁጥር ከየት እንደመጣም፣ አሁን ማን እንደሆነም አብሮ የሚነገርበት ስም ነው።

ሚሲዮኑ ወደ ስዊድን ልኮት አምስት ዓመት ተማረ። (ከዚህ በኋላ አንቱ ብንላቸው ይሻላል፣ ትልቅ ሰው ሆነዋል።) ተመልሰው ምህረት ኃይሉን አገቡ። እዚያው ምጽዋ ተቀምጠው ማስተማር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሐሳባቸው ተጎትተው ወደወጡበት አገር መመለስ ነበር፣ ወዲያው ጉዞ ጀመሩ።

ሚሲዮናውያን በኢትዮጵያ በኩል እንዳያልፉ ስለተከለከለ በሱዳን ዞረው፣ አባይን ተከትለው ወለጋ ለመግባት ሞከሩ። ድንበሩ ላይ ፋማካ ድረስ ደርሰው መንገዱ እምቢ አለ። አሶሳ አካባቢ ወባ ይሁን ሌላ፣ ኃይለኛ ትኩሳት ጣላቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1882 ታመው ካርቱም ሲገቡ ደግሞ የማህዲስቶች አመፅ አገሩን ማተራመስ ጀምሯል። እና ምን አደረጉ? እዚያው ካርቱም እያገገሙ ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎም ጀመሩ። ወደ አገራቸው የሚወስደው መንገድ በተዘጋበት ሰዓት ማለት ነው። ሂካ የሚለው የልጅነት ስማቸው የመጣው ሂኩ ከሚለው ቃል ነው፤ መፍታት ማለት ነው፣ መተርጎምም ማለት ነው። እኛ ይሄን ስናውቅ ትንሽ ዝም ብለናል።

ሁለተኛው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1886 እንጦጦ ድረስ አደረሳቸው። ንጉሥ ምኒልክ ተቀበሏቸው፣ ግን ተመለሱ አሏቸው። በቃ፣ እንደገና ያን ሁሉ መንገድ ወደ ምጽዋ፣ እምኩሉ ወደምትባለው የሚሲዮን ሰፈር።

በእነዚያ ዓመታት ካሳተሟቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የመዝሙር መጽሐፍ ነው። ርዕሱ ገለታ በሚለው ቃል ይጀምራል። ቃሉ በአማርኛም አለ፣ ምስጋና ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ሰው መከራ ሲደርስበት ቶሎ ብለን ሁሉ ለበጎ ነው የምንል አለን። ሰው ከእናቱ ተነጥቆ መሸጡ ለበጎ አይደለም፣ ወንጀል ነው። የኦነሲሞስ ምስጋና ለባርነቱ የቀረበ አይመስለንም። ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሶ፣ አገሩን ሳያይ፣ ገና ላልደረሰበት ሕዝብ በቋንቋው የምስጋና መዝሙር የሚያዘጋጅ ሰው ግን ተስፋው ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው።

ትርጉሙ ሲጀመር ሌላ ችግር መጣ። በልጅነታቸው ተወስደው ኖረው ኖረው የገዛ ቋንቋቸው ሳስቶባቸው ነበር። የደረሰችላቸው አስቴር ጋኖ ናት። እሷም በባርነት ተሸጣ ወደ ዓረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1886 መርከቧን ይዘው ነፃ ያወጧት ልጅ ናት። አፋን ኦሮሞዋ ሙሉ ነበር። ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑን፣ 500 ያህል ሰብስባ አስጻፈች። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 እምኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በግዕዝ ፊደል፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ሽፋኑ ላይ የእሳቸው ስም ብቻ ስለገነነ አስቴር ብዙ ተረስታለች፣ ይሄ ልክ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1904፣ ከተወሰዱ ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው፣ ወለጋ ገቡ። ነቀምት ላይ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። አሁንማ አበቃ ስትሉ እንደገና ፈተና። በሕዝቡ ቋንቋ መስበካቸው ከአካባቢው ካህናት ጋር አጋጫቸው፣ ማርያምን ተሳድበዋል የሚል ክስ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1906 አቡነ ማቴዎስ ይሰደዱ ብለው ፈረዱ። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሻሉት፤ ነቀምት ይመለሱ፣ ስብከት ግን የለም። (ኮሜንት ላይ ጎራ ለይታችሁ እንዳትጋጩ፣ አደራ። ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።)

ለሰባኪ አትስበክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱ። ወደ ትምህርት ቤት ገብተው ልጆች ማስተማር ያዙ። የስደቱ ነገር አንዳንዴ እየተነሳ ያስጨንቃቸው ነበር። አስር ዓመት እንዲህ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ የሚሰጥ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ኢያሱ ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ወረዱ፣ ፈቃዱን ግን ማንም አልሻረውም። በ60 ዓመታቸው አካባቢ እንደገና መስበክ ጀመሩ።

ያረፉት ሰኔ 21 ቀን 1931 እ.ኤ.አ. ነው፣ እሁድ ቀን፣ እዚያው ነቀምት። በአገሪቱ ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሚሽረው አዋጅ የወጣው ከዚያ 11 ዓመት ቆይቶ ነው። አስቴር ጋኖ እሱንም አይታለች፤ እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ኖራለች።