ዶክተር ሴሳር ቦክና «ክፋት የለሹ» በሽታ

ስማቸው በዓለም የሕክምና መጻሕፍት የሚጠራው ኖርዌያዊው ሊቅ ዶክተር ሴሳር ቦክ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. ሊንገር በምትባል የደቡብ ኖርዌይ የባሕር ዳር መንደር ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንዲሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) አጎታቸው ካርል ቪልሄልም ቦክ ስለ ሥጋ ደዌ በጻፉት መጽሐፍ የታወቁ ሐኪም ነበሩ። እርሳቸውም ያንኑ ፈለግ ተከትለው የቆዳ በሽታ ሐኪም ሆኑ፤ በኋላም ዛሬ ኦስሎ በምትባለው በክርስቲያንያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ተባሉ።

በ1899 ዓ.ም. ቆዳው ላይ ጠጣር እባጭ ስለ ወጣበት ስለ አንድ ፖሊስ ጽሑፍ አወጡ። ከእባጩ ጥቂት ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ሳርኮማ ከሚባለው ክፉ ዕጢ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ አገኙት፤ ነገር ግን እንደ ሳርኮማ የሚገድል አልነበረም። ስለዚህ ክፋት የሌለው ሳርኮይድ ብለው ሰየሙት። ከዚያ በኋላ ብዙ በሽተኞችን አሰባስበው፣ ደዌው ከቆዳ አልፎ ሳንባንና ዐይንን እንደሚነካ ተገነዘቡ። ከነቀርሳ ጋር ዝምድና አለው ብለው ያምኑ ነበር፤ በዚህስ ተሳስተዋል ማለት ይቻላል። በ1917 ዓ.ም. ዐረፉ።

ዶክተሩ ስሙን ያወጡት ከካንሰር ለመለየት ነውና አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ የመረመሯቸው የአገራቸው ሰዎች ነበሩ። በስካንዲናቪያ ሕዝቦች ዘንድ በሽታው ብዙ ጊዜ በድንገት ይመጣል፤ ትኩሳት ይነሣል፣ ቅልጥም ላይ ቀይ የሚያም እብጠት ይወጣል፣ በሳንባ ሥር ያሉት ንፍፊቶች ያብጣሉ። ስዊድናዊው ዶክተር ስቬን ሎፍግሬን በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ይህን ዓይነት በዝርዝር ገለጹት። አብዛኛዎቹ በሽተኞች በሁለት ዓመት ውስጥ ይድናሉ።

በአሜሪካ የታየው ግን ሌላ ነው። በዲትሮይት ከተማ ተጠንቶ በ1997 ዓ.ም. የወጣ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ በየዓመቱ ከመቶ ሺህ ሰው መካከል ከጥቁሮቹ 35.5፣ ከነጮቹ 10.9 ያህል በበሽታው ይያዛሉ። የጥቁሮቹ ደዌ ረዥም ዘመን ይቆያል፤ ዐይንንና ጉበትን ይነካል፤ ሳንባን ጠባሳ አድርጎ ትንፋሽ ሊያሳጣ ይችላል። በጃፓን ደግሞ በተለይ ዐይንንና ልብን ያጠቃል።

ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ ምንድን ነው? ከወላጅ የሚወረስ ባሕርይ ድርሻ አለው፤ የሎፍግሬን ዓይነት የሚይዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት የዘር ምልክት ተሸክመው ተገኝተዋል። ነገር ግን ነገሩን ሁሉ በዘር ማሳበብ አይገባም። የሚኖሩበት አየር፣ የሚሠሩበት ቦታ፣ ሐኪም ዘንድ ዘግይቶ መድረስና ድህነትም አሉበት። ነቀርሳ በበዛበት አገርማ የሳንባው ፎቶግራፍ ነቀርሳን ስለሚመስል፣ በሽተኛው የማይረባውን የነቀርሳ መድኃኒት ወራት ሙሉ ሲውጥ ይቆያል።

ዛሬ በሽታው ሳርኮይዶሲስ ይባላል፤ ክፋት የሌለው የሚለው ቅጽል ግን ከስሙ ላይ ቀርቷል።