ሐኪምነቱን የደበቀው ሐኪም፤ የዶክተር ሃይንግ ንጎር ታሪክ
ሃይንግ ንጎር በ1940 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በካምቦዲያ አገር በታኬኦ አውራጃ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ የሴቶችና የወሊድ ሐኪም ሆነ፤ በዋናው ከተማ በፕኖም ፔንም ይሠራ ነበር።

በ1975 በሚያዝያ ወር ክሜር ሩዥ የሚባለው ጦር ፕኖም ፔንን ያዘ። የከተማውን ሕዝብ፥ በሆስፒታል የተኛውን በሽተኛ እንኳ ሳይቀር፥ እየነዳ ወደ ገጠር አስወጣው። አዲሶቹ ገዢዎች የተማረውን ሰው እንደ ጠላት ስለሚቈጥሩ ሐኪምነቱ ወይም መምህርነቱ የታወቀ ሰው ለሞት ይሰጥ ነበር፤ መነጽር ማድረግ እንኳ ያስጠረጥራል። ስለዚህ ንጎር መነጽሩን አውልቆ የታክሲ ነጂ እንደ ነበረ ተናገረ። በእኔ አስተያየት ተዋናይነቱ የጀመረው በዚያን ጊዜ ነው፤ ከተመልካቾቹ አንዱ ቢነቃበት ዋጋው ሞት ነበርና። ተጠርጥሮም ታሰረ፤ አሠቃዩት፤ ጣቱንም ቈረጡት፤ እርሱ ግን አላመነም።

በ1978 ሚስቱን ማይ ሁዎይን ያለ ጊዜዋ ምጥ ያዛት። ሆዷን ቀዶ ሕፃኑን ማውጣት ያስፈልግ ነበር፤ ይህም የገዛ ሙያው ነው። ነገር ግን መሣሪያም መድኃኒትም የለም፤ ቢሞክረውም ሐኪምነቱ ታውቆ ሁሉም ማለቃቸው ነው። እናትና ልጅ በፊቱ ሞቱ። አንባቢ ይህን ጭንቅ ያስበው! ከዚያ ወዲህ ሌላ ሚስት አላገባም።

በ1979 የክሜር ሩዥ መንግሥት ሲወድቅ ወደ ታይላንድ ተሻግሮ በስደተኞች ሰፈር በግልጥ ያክም ጀመር። በ1980 የወንድሙን ልጅ ይዞ ወደ አሜሪካ፥ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። እዚያ ግን በሐኪምነት መሥራት ስላልቻለ ስደተኞች ሥራ እንዲያገኙ በመርዳት ይተዳደር ነበር።

ስለ ካምቦዲያ እልቂት ፊልም ሊሠሩ ያሰቡ ሰዎች በአንድ የካምቦዲያውያን ሠርግ ላይ አገኙት። ትያትር ሠርቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ ነገሩ አልማረከውም ነበር። ኋላ ግን የአገራቸውን መከራ ለዓለም እንዲናገር ለሚስቱ የገባላትን ቃል አስታውሶ ተስማማ። በሮላንድ ጆፌ አዘጋጅነት በ1984 በወጣው ዘ ኪሊንግ ፊልድስ በተባለው ፊልም፥ ከዚያው መከራ ያመለጠውን ጋዜጠኛ ዲት ፕራንን ሆኖ ተጫወተ። በ1985 በረዳት ተዋናይነት የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። የሚያለቅሰው ልቅሶ የራሱ ስለ ነበረ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ በሌሎችም ፊልሞች ሠራ፤ በ1993 በሄቨን ኤንድ ኧርዝ ፊልም የቬትናማዊት ልጃገረድ አባት ሆኖ ታየ። በካምቦዲያም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠራ።

በ1996 በየካቲት ወር በሎስ አንጀለስ በቤቱ ደጃፍ ሦስት ወጣት ወንበዴዎች ገደሉት። ዐቃቤ ሕጉ እንዳስረዳው፥ የእጅ ሰዓቱን ሰጥቷቸው የማይ ሁዎይ ፎቶግራፍ ያለበትን የአንገት ጌጥ ግን አልሰጥም ስላለ ነው። ገዳዮቹ በ1998 በሚያዝያ ወር ተፈረደባቸው፤ በዚያው ሳምንት የክሜር ሩዥ አለቃ ፖል ፖት ሞተ።