የንፋስ ስልኩ ሰውና የተሰበረው ኩሽኔታ

የሬዲዮ ጋዜጠኛው የጣቢያውን ቁጥር ጠርቶ ሜጋ ኸርዝ ሲል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኔም ለዓመታት ሰምቼ አልፌዋለሁ። ኸርዝ የሰው ስም መሆኑን፣ ያም ሰው ከምኖርበት ከንፋስ ስልክ ጋር ዝምድና እንዳለው ልብ ያልኩት ዘግይቼ፣ ያውም በአንድ የተቃጠለ ሞተር ሰበብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ፋብሪካ የአጣሪ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። የአንድ ትልቅ ፓምፕ ኩሽኔታ ተሰባብሮ ሞተሩ ተቃጥሏል። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለሆነ ምርት ለሳምንታት ቆሟል። የእኛ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ማን ይጠየቅ? የሌሊት ፈረቃው ኦፕሬተር ከደመወዙ እንዲቆረጥበት ተወሰነ፤ እኔም ፈረምኩ። ሰውየው የማሽኑ ድምፅ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ መለወጡን ለአለቃው መናገሩን አስረድቶን ነበር። እኛ ግን በጽሑፍ ማሳወቁን ብቻ ጠይቀን ዘጋነው። ያ ፊርማ ይቆረቁረኝ የጀመረው የዚህን ሰው ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው።

ሃይንሪሽ ኸርዝ እ.ኤ.አ. በ1857 በጀርመኗ የወደብ ከተማ በሃምቡርግ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ነበሩ፤ ኋላም የከተማይቱ ሴናተር እስከመሆን ደርሰዋል። ልጁ ግን ለመጽሐፍም ለመሣሪያም እኩል ፍቅር ነበረው። ዓረብኛ ያጠናል፣ መልሶ ደግሞ እንጨት ይልጋል፣ ቶርኖ ላይ ቆሞ ያዞራል። ፕሮፌሰር መሆኑ በተሰማ ጊዜ የቶርኖ መምህሩ ከመደሰት ይልቅ ማዘናቸው ይነገራል፤ እንዴት ያለ ግሩም ባለሙያ ይወጣው ነበር ብለው። በእጅ ሥራ የተካነ ሰው ወረቀት ሲይዝ የማይጎድልበት መሆኑን ግን ሕይወቱ አስመስክሯል።

በመጀመሪያ ያጠናው ምህንድስና ነበር። በ1877 ሙኒክ ሳለ ልቡ ወደ ፊዚክስ አዘነበለና ለአባቱ ደብዳቤ ጽፎ ፈቃድ ጠየቀ። አባትም ፈቀዱለት። በቀጣዩ ዓመት በርሊን ገብቶ የታላቁ ሄልምሆልትዝ ደቀ መዝሙር ሆነ፤ በ1880ም ዶክትሬቱን ያዘ።

በዚያው ዓመት የገና ዕረፍት ሌላው ሲዝናና እሱ ስለ ሁለት የመስታወት ሌንሶች ያወጣ ያወርድ ነበር። ሌንሶቹ እርስ በርሳቸው ሲጫኑ በሚነካኩበት ቦታ ምን ይሆናሉ? ጥያቄው ተራ ይመስላል። መልሱን በጥር 1881 በርሊን ላሉ የፊዚክስ ባልደረቦቹ ሲያቀርብ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ክብ ነገር ሲጫን በነጥብ አይነካም፤ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ጭነቱም እጅግ በጠበበች ቦታ ላይ ይከማቻል። በዚህ ስሌት ጭነቱ ስምንት እጥፍ ሲሆን የመነካኪያዋ ስፋት አራት እጥፍ፣ ግፊቱ ደግሞ ሁለት እጥፍ ይሆናል። የኩሽኔታ ኳስና ቀለበቱ የሚነካኩትም እንዲሁ ነው። ብረቱ በዚያች ጠባብ ቦታ ሚሊዮን ጊዜ ሲጫንና ሲለቀቅ ይደክማል፣ ከውስጥ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ትንሽ ቅርፊት ይነሳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ስትሪቤክ የተባለው ጀርመናዊ የኩሽኔታን አቅም ሲያሰላ መሠረቱ ይኸው የኸርዝ ቀመር ነበር።

ዓለም የሚያውቀው ግን በሌላ ሥራው ነው። በ1885 ካርልስሩኸ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት ኤልሳቤጥ ዶልን አገባ። ከዚያም በጨለመ አዳራሽ ውስጥ በመዳብ ሽቦ ቀለበት ክፍተት ላይ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ብልጭታ ሲፈልግ ከረመ። በ1888 ማክስዌል በወረቀት የተነበየው የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ በእውን እንዳለ፣ ያለ ሽቦም አየሩን አቋርጦ እንደሚሄድ አረጋገጠ። ጥቅሙ ምንድነው ሲሉት ምንም ብሎ መለሰ ይባላል። ሞገዱ ግን በማርኮኒ በኩል ቴሌግራፍ ሆነ፤ አገራችንም ደረሰ። አባቶቻችን ሽቦ አልባውን መልእክት ነፋስ ስልክ አሉት፤ ስሙም ለሰፈራችን ቀረ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከተቃጠለው ሞተር ጋር ምን አገናኘው? ጎፋ ወይም መካኒሳ ወዳለ ጋራዥ ጎራ በሉ። የበሰለው መካኒክ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ታያላችሁ። የንዝረት ምርመራ የሚባለው ሳይንስ የዚህ ጥበብ ታላቅ ወንድም ነው። ትንሽ መሣሪያ ኩሽኔታው ቤት ላይ ይለጠፋል፤ የተቀዳው ንዝረት በኮምፒዩተር ይተነተንና እያንዳንዱ ድግግሞሽ ለየብቻው በኸርዝ ይቀመጣል። በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል፤ ይህ 25 ኸርዝ ነው። ንዝረቱ በ25 ላይ ከበረታ ብዙ ጊዜ ክብደቱ ያልተመጣጠነ የሚሽከረከር አካል አለ ማለት ነው። በ50 ላይ ከጎላ የሞተሩና የፓምፑ ዘንጎች በአንድ መስመር አለመግጠማቸው ይጠረጠራል። ዘጠኝ ኳስ ባለው ኩሽኔታ የውጪው ቀለበት ላይ ቅርፊት ከተነሳ ደግሞ ኳሶቹ በሰከንድ ወደ 90 ጊዜ ያህል ያንኳኩታል። ማሽኑ ከመሰበሩ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በፊት ቃሉን ይሰጣል ማለት ነው። ብልሽቱ የሚወለደው ኸርዝ ባሰላት ጠባብ መነካኪያ ላይ ነው፤ የሚታወቀውም በእሱ ስም በተጠራ መለኪያ ነው።

እሱ ራሱ ብዙ አልኖረም። በ1892 ብርቱ የራስ ሕመም ያዘው፤ ሐኪሞች ደጋግመው ቀዶ ጥገና ቢያደርጉለትም አላዳኑትም። የመጨረሻ የመካኒክስ መጽሐፉን ረቂቅ ጨርሶ ጥር 1 ቀን 1894፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ36 ዓመቱ ቦን ውስጥ አረፈ። ሬዲዮ የሚባል ነገር ሳይሰማ ሄደ። የአባቱ ወገን ከአይሁድ የመጣ ነበርና በናዚዎች ዘመን ባለቤቱና ሁለት ሴት ልጆቹ አገር ጥለው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። ስሙ ግን በ1930 የድግግሞሽ መለኪያ ሆኖ ነበር፤ በ1960 ደግሞ የዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ተቀበለው።

በሕግ ትምህርት ቤት ማስረጃ ሳይመረመር ፍርድ እንደማይሰጥ ተምሬያለሁ። በዚያ ኮሚቴ ላይ ግን ዋናው ምስክር ማሽኑ ነበር፤ ለአንድ ወር ሲመሰክር የሰማው ደግሞ ያ የቀጣነው ሰው ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሕዝብ ልጆች ሆነን ከተቃጠለ በኋላ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ለመድን። መለኪያ መሣሪያው ለሁሉም ፋብሪካ ይደርሳል አልልም። ድምፁ ተለወጠ የሚለውን ሠራተኛ ሰምቶ መዝገብ ላይ ማስፈር ግን የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። እኔም ያንን ሰው ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።