ቅዱስ ባስልዮስ፥ የድውያን መጠጊያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 6 ቀን ዕረፍቱን የምታስበውን የቂሳርያውን ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስን አብዛኞቻችን የምናውቀው በስሙ በሚጠራው ቅዳሴና በአርዮሳውያን ላይ ባደረገው ተጋድሎ ነው። ዛሬ ስለ ሠራው ሆስፒታል እንናገራለን።

ቅዱሱ እ.ኤ.አ. በ330 ገደማ በቀጰዶቅያ ከባለጸጋና እግዚአብሔርን ከሚፈራ ቤተ ሰብ ተወለደ። ቅድስት ማክሪና እኅቱ፣ የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ወንድሙ ናቸው። በቁስጥንጥንያና በአቴና ከተማረ በኋላ የዓለምን ክብር ንቆ በግብፅ፣ በፍልስጥኤምና በሶርያ የመነኮሳትን ኑሮ ተመልክቶ መነነ።

በ369 አካባቢ በአገሩ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ባለ እህሎች ጎተራቸውን ዘግተው ዋጋ እስኪንር ይጠብቁ ነበር። ገና ቄስ የነበረው ባስልዮስ ባለጸጎችን በስብከቱ ገሠጸ፤ ርስቱን ሸጦ እህል ገዛ፤ እንደ ጌታው ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ለተራቡት በእጁ አደለ።

በ370 በተሾመ ጊዜ ረኃቡ ያሳየውን መከራ አልዘነጋም። ከቂሳርያ ቅጥር ውጭ ለእንግዶች ማረፊያ፣ ለድሆች መጠለያ፣ ለሕሙማን መታከሚያ አሠራ፤ ሐኪሞችና አስታማሚዎች መደበ፤ የእጅ ሥራ ቤቶችንም ጨመረ። ስፍራው በስሙ ባስልያስ ተባለ። በዚያ ዘመን ለምጻሞች ከከተማ ብቻ ሳይሆን ከወላጅና ከዘመድም ይባረሩ ነበር። እርሱ ግን ተቀበላቸው፤ ሳይጸየፍም ሳማቸው።

ይህም ሥራ ከክስ አላመለጠም። ጠላቶቹ በአገረ ገዥው ፊት ሲያሳጡት፣ ለመንገደኛና ለሕመምተኛ ቤት መሥራት ማንንም እንደማይጎዳ በደብዳቤ አስረዳ። አርዮሳዊው ንጉሥ ቫለንስ እንኳ ለድውያኑ መርጃ መሬት እንደ ሰጠ ቴዎዶሬት ጽፏል። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙም ስፍራውን ከጥንት ነገሥታት ድንቅ ሕንፃዎች አስበልጦ አመስግኖታል።

ቅዱሱ በ379 ሲያርፍ ዕድሜው ሃምሳ ያህል ነበር። ክርስቲያኖች ብቻ ሳይሆኑ አይሁድና አረማውያንም አለቀሱለት።

ቅዳሴውን በምንቀድስበት ደብር ደጀ ሰላም ድውያን ተኮልኩለው እናያለን። አልፈናቸው ገብተን ባስልዮስን ብናመሰግን፣ ምስጋናችን ከከንፈር አያልፍም።

የቅዱስ ባስልዮስ በረከት ይደርብን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።