ልቅሶ ያልተቀመጡት እቴጌ

በዚህ በጾመ ነቢያት ውስጥ ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ለማርያምን እናከብራለን። በ1906 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዐረፉ። የዐድዋውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ የምናነሣላችሁ የባለቤታቸውን የእቴጌ ጣይቱን ሐዘን ነው።

ሁለቱ በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም፤ ግን ሠላሳ ዓመት አብረው ኖሩ። በ1902 ዓ.ም. ሕመሙ በንጉሡ ላይ ሲጠና መኳንንቱ እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አግልለው ለማስታመም ብቻ ተዉአቸው። እርሳቸውም አስታመሙ፤ አራት ዓመት ያህል። የአልጋ ቁራኛ ያስታመማችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሐዘን ሰው እስኪሞት መች ይጠብቃል?

ሞቱ ሲመጣ ደግሞ አገር እንዳይታወክ ተብሎ ተደበቀ። አዋጅ አልተነገረም፣ ድንኳን አልተተከለም። አስከሬኑ እዚያው ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተሰውሮ ቆየ። እቴጌይቱም ወደ እንጦጦ እንዲሄዱ ተደረገ። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን እስኪወርዱ ድረስ ለዚያ ሁሉ ንጉሥ በአደባባይ አልተለቀሰም። እስኪ አስቡት፤ ባል ሞቶ፣ አልሞተም እየተባለ መኖር!

ቤተ ክርስቲያናችን ቀን ቆጥራ የሰጠችን ወዳ አይደለም። ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ትላለች። ጸሎቱ ለሟቹ ነው፤ ቀሪው ግን በእነዚያ ቀኖች እየተደገፈ ይራመዳል። ጌታችንም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ስለዚህ አንቺ እኅቴ፣ ወንድምሽ በዐረብ አገር ሞቶ አስከሬኑ ሳይመጣ የቀረብሽ፣ ወይም ታመሻል ተብሎ መርዶው ዓመት የተደበቀብሽ፣ ዛሬ ቢያስለቅስሽ አትፈሪ። ጎረቤትም፣ ጊዜው አለፈ እኮ፣ አትበሏት። ቄስ ጥሩላት፣ ዝክሩን አብራችሁ አውጡላት፣ ቡናውን አፍልታችሁ አጠገቧ ተቀመጡ።

እቴጌይቱ የቀረ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ነው። በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ምኒልክ የነገሡት በዚያች ቤተ ክርስቲያን ነበር። በሐዘናቸው ዘመን ያችኑ ደጅ ይስሙ ነበር ማለት ነው። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ዐረፉ።

በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው መቃብር ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በበዓታ ለማርያም ስም ተሰየመ። የእቴጌይቱም አፅም ወደዚያ መጣ። ዛሬ አዲስ አበባ ታእካ ነገሥት በዓታ ሄዳችሁ ወደ ምድር ቤቱ ብትወርዱ ባልና ሚስቱን ጎን ለጎን ታገኟቸዋላችሁ።