ሁለት ኮከብ የጐደለው አድሚራል

አንድ የጦር መኰንን ጡረታ ሲወጣ ከመንግሥት ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል። አንደኛው ለመኖሪያው የሚሆነው አበል ነው፤ ሁለተኛው በስሙ ፊት የሚጠራበት ማዕርግ ነው። አበሉ ከሰውየው ጋር ያልቃል፤ ማዕርጉ ግን በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ሳይቀር ይጻፋል። ሰው ለገንዘብ ሳይሆን ለዚህ ለሁለተኛው ሲል ዕድሜውን ሙሉ ሊሟገት እንደሚችል ለመረዳት የሚፈልግ ተማሪ የአሜሪካዊውን የአድሚራል ኸስባንድ ኪመልን ታሪክ ይመልከት። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኪመል በ1882 በኬንታኪ ግዛት በሄንደርሰን ከተማ ተወለደ። አባቱ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ከሰሜኑ፥ ኋላም ከደቡቡ ወገን ተሰልፎ የተዋጋ መኰንን ነበር። ልጁ ግን ባሕሩን መረጠና በ1904 ከአናፖሊስ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተመረቀ። በ1914 በሜክሲኮ ወደብ በቬራክሩዝ ቆሰለ። በመድፍ ተኩስ ዕውቀቱ ስም አተረፈ፤ ከራሱም ሆነ ከበታቾቹ ብዙ የሚጠይቅ ጥብቅ ሰው ስለ ነበረ ደረጃ በደረጃ አድጎ በ1937 ሪር አድሚራል፥ ማለት ባለ ሁለት ኮከብ ሆነ።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1941 የፓሲፊክ መርከቦች ሁሉ የበላይ አዛዥ ሆኖ ሲሾም አራት ኮከብ አደረገ። ነገሩ የሚገባን ግን የዚያን ጊዜውን ሕግ ስናውቅ ነው። አራቱ ኮከብ የሹመቱ እንጂ የሰውየው አልነበረም። ሹመቱን የለቀቀ መኰንን ወደ ቋሚ ማዕርጉ፥ ወደ ሁለት ኮከብ ይመለሳል፤ ጡረታም የሚወጣው በዚሁ ነው። ስለዚህ ማዕርግ ለማውረድ ክስም ፍርድም አያስፈልግም ነበር፤ ሹም ሽር ብቻ ይበቃል።

ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ማለዳ የጃፓን አውሮፕላኖች በሃዋይ ደሴቶች በፐርል ሃርበር የቆሙትን መርከቦች ሳይታሰብ ደበደቡ። 2,403 አሜሪካውያን ሞቱ። ኪመል በመስኮት ቆሞ የመርከቦቹን መቃጠል ሲመለከት ኃይሉ ያለቀ ጥይት ደረቱን መትቶ ሳያቆስለው ወደቀ። ያን ጊዜ በገደለው ይሻል እንደ ነበር ለባልደረባው መናገሩ ይተረካል።

በአሥር ቀን ውስጥ ከአዛዥነቱ ተሻረ፤ ሁለት ኮከብም ከትከሻው ወረደ። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በኦወን ሮበርትስ የሚመራ የመርማሪዎች ጉባኤ በጃኑዋሪ 1942 ኪመልንና የምድር ጦሩን አዛዥ ጄኔራል ዎልተር ሾርትን ግዴታቸውን አልፈጸሙም ሲል አስታወቀ። ኪመል በዚያ ጉባኤ ፊት የቀረበው ክስ ሳይነገረውና ምስክሮቹን የመጠየቅ መብት ሳይኖረው ነው። ማርች 1 ቀን 1942 በሁለት ኮከብ ጡረታ ወጣ። በጦር ፍርድ ቤት እንዲዳኝ ቢጠይቅም ችሎቱ ሳይሰየም ቀረ።

ኪመል ጥፋት የለበትም ለማለት አይደለም። ኖቬምበር 27 ቀን 1941 ጦርነት መቅረቡን የሚያስጠነቅቅ መልእክት ደርሶት ነበር፤ ሆኖም ጠላት ከአየር ይመጣል ብሎ በቂ ጥንቃቄ አላደረገም። ነገር ግን ያ መልእክት የጠቀሰው ፊሊፒንን፥ ታይላንድንና ቦርኒዮን እንጂ ሃዋይን አልነበረም። ዋሽንግተን የጃፓንን ምስጢራዊ ጽሕፈት እየፈታች ታነብ ነበር፤ የጃፓን መንግሥት ፐርል ሃርበርን በአምስት ክፍል ለይቶ የመርከቦቹን አቋቋም እንዲያሳውቀው በሆኖሉሉ ያለውን ቆንስሉን መጠየቁንም አውቃለች። ይህ ለኪመል አልተነገረውም። በዚያው ቀን፥ የፐርል ሃርበር ወሬ ከተሰማ ከሰዓታት በኋላ፥ የጄኔራል ማክአርተር አውሮፕላኖች በፊሊፒን መሬት ላይ እንደ ቆሙ ተቃጠሉ። ማክአርተር ግን አልተሻረም፤ በ1942 የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ። የኪመል ወዳጆች የኛን ተረት ቢያውቁ ኖሮ፥ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ባሉ ነበር።

ጦርነቱ ሳያበቃ ሌላ ኀዘን ደረሰበት። የሠርጓጅ መርከብ አዛዥ የነበረው ልጁ ማኒንግ በጁላይ 1944 በፊሊፒን አጠገብ ከመርከቡ ጋር ጠፋ። በዚያው ዓመት የባሕር ኃይሉ ራሱ ያቆመው የምርመራ ችሎት ኪመል ግዴታውን አልጣሰም አለ፤ የበላይ አለቆች ግን ይህን አልተቀበሉም። በ1946 የኮንግሬስ መርማሪዎች የፍርድ ስሕተት እንጂ ግዴታን መተው አይደለም ሲሉ ደመደሙ።

በ1947 አዲስ ሕግ ወጣ፤ በጦርነቱ ጊዜ ከፍ ያለ ማዕርግ የነበራቸው መኰንኖች በጡረታ መዝገብ ላይ በዚያው ማዕርግ እንዲጻፉ ፈቀደ። ሕጉ ከሚመለከታቸው ከፍተኛ መኰንኖች መካከል የቀሩት ሁለቱ፥ ኪመልና ሾርት ብቻ ናቸው። ሾርት በ1949 ሞተ። ኪመል በ1955 መከላከያውን በመጽሐፍ አሳተመ፤ ሜይ 14 ቀን 1968 በግሮተን ከተማ በ86 ዓመቱ ሲያርፍም ሁለት ኮከቡ አልተመለሰለትም።

ክርክሩን ልጆቹ ወረሱት። በ1995 የመከላከያ ሚኒስቴር ጉዳዩን እንደገና መርምሮ፥ ኀላፊነቱ የሁለቱ ብቻ ሳይሆን የብዙዎች ነው፤ ቢሆንም ማዕርግ መጨመር አይገባም አለ። በ1999 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ በ52 ድምፅ በ47 ላይ ማዕርጉ እንዲመለስ ደገፈ። በ2000 የወጣው ሕግም ይህንኑ ከፕሬዚዳንቱ ጠየቀ፤ ማዕርጉ ቢመለስ ከመንግሥት የሚከፈለው ገንዘብ አንድ ሳንቲም እንደማይጨምር ጭምር አስታወቀ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይፈጽሙት ሥልጣን ለቀቁ፤ ቡሽና ኦባማም እንደዚሁ።

እንግዲህ ወጪ የሌለበት ነገር ይህን ያህል ዘመን የከበደው ለምንድን ነው? መንግሥት ማዕርጉን ቢመልስ ያኔ ሳልሰማው ፈርጄበት ነበር ብሎ እንደ ማመን ስለሚሆንበት ይመስለናል። እኛም ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጠን በሰው ስም ላይ የምንፈርም ነን። የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ሊል ይችላል፤ ሳይፈረድበት የተሻረ ሰው ግን አቤት የሚልበት ደጅ የለውም። ኪመል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የፈለገው ያንን ደጅ ነበር።